ግልጽ ደብዳቤ፦ የ6,000 ብሩ መነሻ ይታረም

ለኢፌዴሪ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
ለአማራ ክልል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የደመወዝ ስኬል በዝቅተኛ ተከፋዩ የወረዳ ሠራተኛ ላይ ያደረሰው በደል

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ማስተካከያ የመንግሥት ሠራተኛውን ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻን ከ6,940 ወደ 11,500፣ የደመወዙን ጣሪያ ደግሞ ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አሳድጓል። ከታች ላለው የተጨመረው 26 ከመቶ፣ ከላይ ላለው 81 ከመቶ ነው። በብር ሲሰላ ለአንዱ 1,240፣ ለሌላው 17,508 ደረሰው፤ 14 እጥፍ ማለት ነው። የኑሮ ውድነትን ለማቃለል ተብሎ የወጣ ማስተካከያ ኑሮ ለከበደበት ትንሹን፣ ለቀለለለት ትልቁን ሰጠ።

ነገሩ በፔሮል ላይ ሲታይ የበለጠ ይመራል። በምሥራቅ ደምቢያ ወረዳ መቀመጫ በቆላድባም ሆነ በሌላ ወረዳ፣ በዝቅተኛው መነሻ የተመደበ የጽዳት ሠራተኛ ወይም ተላላኪ ከ6,000 ብሩ 7 ከመቶ፣ ማለትም 420 ብር፣ ለጡረታ ይቆረጥበታል። በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ደግሞ 700 ብር ግብር ይነሳበታል። እጁ የሚገባው 4,880 ብር ነው፤ በቀን 163 ብር አይሞላም። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጆች ደብተርና የዕድር መዋጮ የሚወጡት ከዚሁ ነው።

የፌዴራሉ ኮሚሽን ቀድሞ የወሰደው መልካም እርምጃ አይካድም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ በጣሪያውና በወለሉ መካከል የነበረው ልዩነት ከ18 እጥፍ በላይ ወደ 4.5 እጥፍ ወርዶ ነበር። የመስከረሙ ስኬል ይህንኑ ልዩነት መልሶ ወደ 6.5 እጥፍ ሰቀለው። ዓመት ሳይሞላ የራሱን ሥራ ያፈረሰበትን ምክንያት ኮሚሽኑ ለሠራተኛው የማስረዳት ግዴታ አለበት።

ጭማሪው ትልቅ መስሎ የሚታየው የብሩ አቅም ሲረሳ ነው። የ1,100 ብሩ መነሻ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል 38 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይመነዘር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ140 ብር አልፏል። የዛሬው 6,000 ብር በዚህ ሒሳብ ከ43 ዶላር በታች ነው።

ስኬሉን የሚወስነው ፌዴራል፣ የሚከፍለው ግን ወረዳ ነው። ወረዳ የሚተዳደረው ከክልል በሚመደብለት ድጎማና ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ሲሆን፣ የበጀቱ ትልቁ ድርሻ ለደመወዝ ይውላል። በጀቱ ሲያጥር ክፍት መደቦች ሳይሟሉ ይቀራሉ፤ የውሎ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይንከባለላሉ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነጻ ይመላለሳል። የደምቢያ የልማት ሠራተኛና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግን በክረምት ዋልካ እየረገጡ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራሉ። የደምቢያ ሜዳ በ1940ዎቹ አጋማሽ በወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያለቀበት ምድር ነው፤ ወባው ዛሬም አልለቀቀም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልሉ ሠራተኛ በግጭት መካከል ቢሮ ከፍቶ ሕዝብ እያገለገለ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሠራተኛው የሚደራደርበት መድረክ የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ላሉ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የመንግሥት ሠራተኛውን አይጨምርም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታስረዋል። ይኸው ሠራተኛ ለሕዳሴ ግድብ ከደመወዙ ሲያዋጣ ግን አገር አመስግኖታል።

ስለዚህ ከኮሚሽኖቹ በአክብሮት የሚጠየቀው የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ለዝቅተኛው መነሻ የተሰጠው ጭማሪ በመቶኛ ለጣሪያው ከተሰጠው እንዳያንስ ተደርጎ ይታረም። ሁለተኛ፣ ደመወዝ ከዋጋ ንረት ጋር እየተገናዘበ በየዓመቱ የሚስተካከልበት ሥርዓት በአዋጅ ይደንገግ። ሦስተኛ፣ በቀበሌ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የትራንስፖርት፣ የቤትና የወባ ተጋላጭነት አበል ይወሰን፤ ገንዘቡም ከውሳኔው ጋር ለወረዳው ይላክ። አራተኛ፣ ስኬሉ የተሰላበት ጥናት ለሕዝብ ይፋ ይሁን። አምስተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሚደራጁበትና በደመወዛቸው ላይ የሚደራደሩበት ሕግ ይውጣ። ስድስተኛ፣ በግሉ ዘርፍም ጭምር የሚሠራ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰን።

ጉዳዩ የሠራተኛው ብቻ አይደለም። ልጁን የሚያስከትብ፣ መሬቱን የሚያስለካ፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሚያወጣ ገበሬ ሁሉ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው በዚሁ ሠራተኛ እጅ ነው። ባለጉዳይ እጅ መንሻ ሳይጠየቅ እንዲስተናገድ የሚፈልግ ሕዝብ፣ ሠራተኛው በደመወዙ እንዲያድር አብሮ ይጠይቅ፤ በየምክር ቤቱ የመረጣቸውን ተወካዮችም መልስ ይጠይቅ።