ሐይቁ አጠገባችን ነው፤ መንገዱስ?

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ለመምህርነት ሙያ ሐዋሳ ከተማ ገብተን ወራት ካስቆጠርነው መካከል፣ ከፍቅር ሐይቅ ተነሥቶ የውሃውን ዳር ይዞ እስከ አሞራ ገደል በእግሩ የሄደ ስንቱ ነው? ባለፈው ሳምንት ይህንኑ በየመኝታ ክፍሉ እየዞርን ጠይቀን ነበር። የብዙዎቹ መልስ «ፎቶ ተነሥቻለሁ» የሚል ሆነ። ፎቶ መነሣት ደግ ነው፤ ግን ሐይቁን ማወቅ አይደለም።

እኛም ከሌላው የተሻልን አልነበርንም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኝ ሆነን፣ ዳቦአችንን በፌስታል ቋጥረን ወጣን። ገና ከማለዳው አንድ ሰዓት ነበርና ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን እየሳቡ ሌሊት ከመረብ የገባውን ቆሮሶና አምባዛ ያወርዱ ነበር። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ሽማግሌ የሚመስሉት ትልልቅ ወፎች፣ ወረፋ እንደያዘ ሰው ተደርድረው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ከሾላው ዛፍ ላይ ጉሬዛ ይዘላል።

የሄድንበት መንገድ ግን ከመጀመሪያው ለሽርሽር ታስቦ የተሠራ አይደለም። እንደሚታወቀው የሐዋሳ ሐይቅ ከምሥራቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ዝናብ ሲበዛና ደለል ሲገባበት ውሃው ወደ ላይና ወደ ጎን ከመሄድ በቀር መሄጃ አጥቶ ከተማውን ይገፋል። በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ግድም ሐይቁ ከፍ ብሎ ከተማውን ባሠጋ ጊዜ በዳርቻው የጎርፍ መከላከያ ግድብ ተሠራ። ዛሬ ወጣቱ የሚንሸራሸርበት፣ ሽማግሌው ምርኩዙን ይዞ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያይበት መንገድ ይኸው ግድብ ነው። ሕዝቡ ከሥጋት መከላከያው ላይ መናፈሻ አወጣ ማለት ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው።

ታዲያ ሄደን ሄደን አንድ ቦታ ላይ አጥር ገጠመን። የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እስከ ውሃው ድረስ ወርዷል። በሩ ላይ የቆሙት ዘበኛ በትሕትና «ልጆቼ፣ እዚህ ጋ መተላለፊያ የለም፤ በአስፋልቱ ዙሩ» አሉን።

«ጋሼ፣ አምና እኮ ክፍት ነበር» አልናቸው።

«አዎ፣ ነበር። እኔ ምን ላድርግ? ጠብቅ የተባልኩትን ነው የምጠብቀው» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ላይ ምንም ቅሬታ የለንም። የአጥሩን ባለቤት ስምም እዚህ አንጽፍም፤ ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለምና። ዛሬ አንዱ ያጥራል፣ ነገ ጎረቤቱ አይቶ ያጥራል፤ በመጨረሻ ከተማው ሐይቅ እያለው የሐይቅ ዳር የሌለው ይሆናል። በዚያ ቀን በአስፋልቱ ዞርን፤ አቧራና የባጃጅ ጡሩምባ ጠጥተን እንደገና ውሃው ዳር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ወሰደብን።

በመንገድ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ሆቴሉና መዝናኛው ባይኖር እኒያ ዘበኛ የት ይሠሩ ነበር? ከተማው የሚያድገው በእንግዳ ነው» አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእኛው መካከል እናቱ በሆቴል ወጥ ቤት ሠርታ ያስተማረችው አለ። እኛም ልማት ይቁም አላልንም። የምንለው ይህን ነው፦ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በውሃው ዳር ለመሥራት የተፈቀደለት ይሥራ፤ ነገር ግን በግቢውና በውሃው መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ መተላለፊያ ይተው። በዚህ ማን ይጎዳል? ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ ራሱ ጠዋት ተነሥቶ በሐይቁ ዳር መሄድ እንጂ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ማየት አይፈልግም።

አንዲት እህታችን ደግሞ ሌላ ነገር አነሣች። «እናንተ ስለ አጥሩ ትጮኻላችሁ፤ አጥር በሌለበትስ ቦታ እኛ ሴቶች አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ መሄድ እንችላለን?» አለችን። ዝም አልን፤ መልስ አልነበረንም። መንገድ ክፍት ነው የሚባለው ለሁሉም ክፍት ሲሆን ነው። መብራት ያስፈልጋል፤ ከመብራቱም በላይ የእኛ የወንዶቹ ጠባይ መታረም ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። ይህ ሁሉ ለዕጩ መምህር ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፦ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እያንዳንዳችን ጠመኔ ይዘን ልጆች ፊት እንቆማለን። «ሐይቅ ማለት ዙሪያውን በየብስ የተከበበ ውሃ ነው» ብለን እናስጽፋለን፤ ልጆቹም ይሸመድዳሉ። ያው ልጅ ግን በግድቡ ላይ አንድ ሰዓት ቢሄድ የሚጠይቀው ብዙ ነው። መውጫ የሌላቸው ሻላና አቢያታ ጨዋማ ሲሆኑ፣ መውጫ የሌለው ሐዋሳ ለምን ጨዋማ አልሆነም? በከርሠ ምድር በኩል የሚሰርግ ውሃ እንዳለ ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ዙሪያውን የምናያቸው ኮረብታዎችስ ምንድን ናቸው? ሐይቁ የተቀመጠው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሰመጠ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። ሐይቅ ሊሞት እንደሚችል ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ታቦር ተራራ ላይ አውጥተን ውሃውን፣ ከተማውንና እርሻውን በአንድ ዓይን ብናሳየው፣ አፈር ከየት ታጥቦ የት እንደሚገባ ራሱ ይነግረናል።

ይሁን እንጂ ልጅ ይዞ የሚወጣ መምህር ጥንቃቄ ሊያውቅ ይገባል። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፤ ስለዚህ ከልጆች ጋር የሚሄደው በጠዋት ነው፤ በጉማሬውና በውሃው መካከልም አይቆምም። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነውና እግር መንከርና መዋኘት አይፈቀድም። ለጦጣና ለጉሬዛ ዳቦ መወርወርም ጥሩ አይደለም፤ እንስሳው ለማኝ፣ ቆይቶም ቀማኛ ይሆናል። ይህን ስንጽፍ ትንሽ እናፍራለን፤ ከዳቦአችን ግማሹን ቅዳሜ ዕለት የበሉት እነሱ ናቸው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳፍር ነገርም አለ። ስንመለስ በግድቡ ሥር የወደቀውን የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል እንልቀም ብለን አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ሞላን። የሸንኮራ ልጣጭ፣ ገራባ፣ የለስላሳ ክዳን ነው። ከመካከሉ አንድ የረጠበ ወረቀት ወጣ። ገልጠን ብናየው የእኛው ተቋም ማኅተም ያለበት የማስተማር ዘዴ ጽሑፍ ነው! እስከዚያ ድረስ «ሕዝቡ አይሰማም፣ ማዘጋጃ ቤቱ አይጠርግም» እያልን ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልተናገረም። አጥር ያጠረው መንገዱን ዘጋ፤ እኛስ ምን አደረግን? ሌላው የሚከሰሰው እኛ እጃችንን ከታጠብን በኋላ መሆን አለበት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከተቋሙ በር ተነሥተን በሐይቁ ዳር እንሂድ፤ የሚመጣ ሁሉ ባዶ ጆንያ ይያዝ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ከጉዞው አንድ የትምህርት ዕቅድ ያዘጋጅ፤ የተሻሉት በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ለተግባር ልምምድ የምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶችም ይጠቀሙባቸው። ሦስተኛ፣ የዳርቻው መተላለፊያ የት የት እንደተቆረጠ በእርምጃችን ለክተን፣ በንድፍ አስቀምጠን፣ ስማችንን ፈርመን ለከተማው አስተዳደር በደብዳቤ እናቅርብ። ስድብና ጩኸት አይኑርበት፤ ልኬትና ንድፍ ግን ይኑርበት። የምንጠይቀውም ቀላል ነው፦ ቢያንስ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ መንገድና ማታ የሚበራ መብራት።

«ደብዳቤ ማን ያነባል?» የሚሉን አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን እስቲ አስቡት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አንዳችን የክፍል ልጆቹን አሰልፎ ወደ ሐይቁ ሲወስድ፣ አንዱ ሕፃን በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ «ቲቸር፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ምንድን ነው?» ቢለው ምን ሊመልስለት ነው? «ሐይቅ ነው፤ እኛ ስንማር እንሄድበት ነበር» ሊለው ነው? ይህን መልስ መስጠት አንፈልግም። ልጁ ራሱ ሄዶ ይየው እንጂ።

መጪው ቅዳሜ የወሩ የመጀመሪያ ነው። ጫማችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ በር ላይ እንገናኝ።