እንግዳው ከፍሏል፤ ለማን?

«እውነተኛውን የገጠር ኑሮ ገበሬ ቤት ገብተው ይዩ» የሚል የጉዞ ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። ሐሳቡን አልቃወምም። እንዲያውም ሰው ከባሕር ዳር ተነስቶ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ላሊበላ ሲሄድ በመኪና መስኮት ብቻ አይቶን ቢያልፍ ስለኛ ምን ያውቃል? የጉና ብርድና የገብስ ቆሎ ጣዕም የሚታወቀው እሳት ዳር ቁጭ ብለው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲጠጡ ነው።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ብሩ ማን ኪስ ነው የሚገባው?

በእኛ አገር የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነው። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። የዛሬው እንግዳ ግን መሽቶበት አይደለም የመጣው። በፕሮግራም፣ ከፍሎ ነው የመጣው። የከፈለው ግን ቤቷን ለከፈተችለት እናት አይደለም።

ጉና ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። አስጎብኚ በየጊዜው ፈረንጅ ይዞባቸው ይመጣል። ቡና ይቆላሉ፣ እንጀራ ያቀርባሉ፣ የዕለት ሥራቸው ይታጎላል። ቡና ደግሞ እዚያ ደጋ ላይ አይበቅልም፣ ከገበያ በብር የሚገዛ ነው። «ለምን አይጠይቁትም?» ስላቸው፣ «ምነው መምህር፣ በቤቴ ላበላሁት ገንዘብ ተቀብዬ ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የእሳቸው ይሉኝታ ይሉኝታ ለሌለው ሰው ትርፍ ሆነ።

«ባህላችንን እንሽጥ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ቡሄን እናስብ። ነሐሴ 13፣ ከከተማችን ጋር ስም የሚጋራው በዓል። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ። ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ይቀበላሉ፣ መርቀው ይወጣሉ። ያም ሰጠ፣ ይህም ሰጠ። መቀበልና መስጠት ባህላችን ውስጥ ድሮም አለ። ባህላችን ውስጥ የሌለው በሌላ ሰው መሶብ ነግዶ መሄድ ነው።

ደግሞ ከዜሮ አንጀምርም። እዚሁ ፎገራ፣ አውራ አምባ፣ ማኅበረሰቡ ጎብኚን በግልጽ አስከፍሎ፣ የራሱን አስረጂ መድቦ ሽመናውንና የአረጋውያን መጦሪያውን ያሳያል። በዚህ ክብሩ አልቀነሰም። ወደ ጋሸና በኩል መቄት ላይ ደግሞ «ተስፋ» በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬዎች የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ምግብ አብስለው፣ የእንግዳውን ጓዝ በአህያ ጭነው ገቢውን ለጋራ አድርገዋል።

ስለዚህ እኔ የምለው ይኼን ነው። ዋጋው አስቀድሞ ይታወቅ። ገንዘቡ ለመንደሩ ማኅበር ገቢ ሆኖ ለባለቤቷ ይድረሳት፤ ያኔ እንግዳ ፊት እጇን መዘርጋት አይጠበቅባትም። ተራ ይኑር፣ አንድ ቤት ብቻ መታያ አይሁን። ፎቶ ሳይፈቀድ አይነሳ። «ዛሬ አይመቸኝም» ያለ ሰውም ይከበርለት።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ወገኖቼም «የአገር ልጅ ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። እኛ እርስ በርስ ስንጠያየቅ እንኳ ባዶ እጃችንን አንሄድም። አንድ ኪሎ ቡና፣ ትንሽ ስኳር ይዛችሁ ግቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾሙም ወራት፣ ወተትና ሥጋ አትጠይቁ።

«መንገዱ መች ሰላም ሆነና ነው ስለ እንግዳ የምታወራው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እንግዳ ደጅ ከቆመ በኋላ ቤት አይጠረግም። ሥርዓቱን አሁን ካላበጀን፣ ሰላም ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ያው የለመደው ሰው ነው።

አስጎብኚ ወንድሞቼ፣ በሐቅ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተ ጋ ለባለቤቷ የሚደርሳት ስንት ነው? እስቲ ጻፉልን፣ ሌላውም ይማርበት።