የተራራ ቦታ ከመግዛታችሁ በፊት

ዛሬ ከጤና ጉዳይ የወጣሁ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁኝ ግን ወደዚያው መመለሴን ታያላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አሜሪካ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ አንድ ማታ ደወለችና «አክስቴ፣ የላክሁልሽን ቪዲዮ አየሽው?» አለችኝ። ቪዲዮው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ በምትባል ደሴት ያለችውን ዋኤ ሬቦ የተባለች የተራራ መንደር ያሳያል። ጫካና ጉም በከበበው ሜዳ ላይ ሰባት ትልልቅ ጎጆዎች ቆመዋል፤ ክዳናቸው እስከ መሬት ይደርሳል። እንግዳው መኪናውን ትቶ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፤ ምንጣፍ ላይ አድሮ፣ የመንደሩን ቡና ጠጥቶ ይመለሳል።

«እኛስ ምን ጎደለን?» አለች ልጅቱ። «የአባባ መሬት ገደል አፋፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ አንድ ባለሀብት አግኝቻለሁ። ገንዘቡን አዋጥተን ሎጅ እንሠራለን። ውሉ ተዘጋጅቷል፤ አንቺ በምስክርነት ፈርሚልን።»

እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሻችሁም። ወንድሜ በእድሜ ይበልጠኛል፤ ጉልበቱ ደክሟል። ኮሮና፣ ከዚያም ጦርነቱ ቱሪስቱን ካራቀው ወዲህ በቅሎ አከራይቶ የሚያገኛት ሳንቲም እንኳ ቀርታለች። ቢሆንም ሳላይ አልፈርምም ብዬ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ከጎንደር ተነሣሁ። ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለኝ፤ ጋቢዬን ደርቤ ቀሪውን በእግር ሄድኩ።

ወንድሜ ውሉን ከሳጥን አውጥቶ ሰጠኝ። አነበብኩት። «ስጦታ» ይላል። ባለሀብቱ ለወንድሜ ዘመድ አይደለም፣ ጧሪ አይደለም። ስጦታው ምንድን ነው?

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሽያጭ ነው» አልኩት።

«ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 የማያውቅ ገበሬ የለም፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ ሕጉ በሚፈቅደው መጠንና ዘመን ማከራየት ይችላል። ሽያጩን ስጦታ ብለው ቢጽፉት ግን ክርክር በተነሣ ቀን ገዢው ገንዘቡን፣ ሻጩ ማሳውን ይዘው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታሉ። ኢንዶኔዥያም ቢሆን የውጭ ዜጋ መሬትን ሙሉ በሙሉ የራሱ ማድረግ አይፈቀድለትም። ቪዲዮው ይህን አይናገርም።

ቀጥዬ የይዞታ ደብተሩን አምጣ አልኩት። በክልላችን ደብተሩ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አለበት። ከወንድሜ ፎቶ ጎን ያለው የአሁኗ ሚስቱ ነው፤ የልጅቱ እናት ካረፈች በኋላ ያገባት፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት። እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትቆላ ነበር።

«እሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

ምጣዱን ማማሰሏን ሳታቆም «እኔን የጠየቀኝ የለም» አለች።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔም አፈርኩ። ከጎንደር ድረስ የመጣሁት ስለ ወንድሜና ስለ ልጁ እያሰብኩ ነው። ይህቺ ሴትና ልጆቿ በሐሳቤም አልመጡም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ግጭን አስታወስኩ። በወጣትነቴ ክትባት በበቅሎ ጭነን ከወጣንባቸው መንደሮች አንዷ ግጭ ነበረች፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን በግጦሹ፣ በእርሻውና በዋልያው መመናመን ሳቢያ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ 418 አባወራዎች ካሳ ተቀብለው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ሣሩ አገገመ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ደባርቅ ገበያ ያገኘኋት አንዲት የግጭ እናት ያለችኝን አልረሳም። «ገንዘብ እንደ ጉም ነው፤ ሲመጣ ሁሉን ይሸፍናል፣ ሲሄድ በየት እንደሄደ አይታይም» አለችኝ። ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ የኖረ ሰው ከተማ ውስጥ ሁሉን በብር ሲገዛ፣ ካሳው ብዙ ቢመስልም ቶሎ ያልቃል።

ጠዋት ሎጁ ይሠራበታል የተባለውን ቦታ አየሁ። እውነትም ያምራል፤ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። ግን ከቦታው ዝቅ ብሎ ምንጭ አለ። መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከዚያች ምንጭ ነው። ፕላኑን ሳየው የእንግዶቹ መጸዳጃ ቤት የታሰበው ከምንጩ በላይ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነርስነቴ ተነሣ። መጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ መገኛ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከምንጩም በታች እንጂ በላይ አይሆንም። ያለዚያ የእንግዳው ጉድጓድ ለመንደሩ ሕፃናት ተቅማጥ ይሆናል። በተቅማጥ ዓይኑ የጎደጎደ ሕፃን ታቅፋ ለሊቱን ስትጓዝ ያደረች እናት በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ! ባለሀብቱ እዚያ አያድርም፤ ልጅቱም አሜሪካ ናት። ያንን ውኃ የሚጠጡት ቆሎ የምትቆላው ሴት ልጆች ናቸው።

ለሚመጣው እንግዳም ቢሆን ተራራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ አየር ላልለመደው ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ስለዚህ ጎንደር፣ ቀጥሎም ደባርቅ እያደሩ ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ሕመም ከተሰማ ከፍታ አይጨመርም። ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠረ፣ ንግግር ከተምታታ ወይም እርምጃ ከተንገዳገደ ግን ነገ ይሻለኛል አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ ነው። ሎጅ የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለውን ታማሚ በምን እንደሚያወርድ አስቀድሞ ያስብ።

ታዲያ ተራራው እንግዳ አያስተናግድ ማለቴ ነው? አይደለም። ዋኤ ሬቦን ደግሜ ሳያት ሌላ ነገር ታየኝ። ጎጆዎቹ ሲያረጁ የአገራቸው አርክቴክቶች ረዷቸው፤ ያቆሟቸው ግን የመንደሩ ሰዎች ናቸው፣ በአያቶቻቸው አሠራር። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2012 የዩኔስኮን የእስያ ፓስፊክ ቅርስ ሽልማት ከፍተኛውን ደረጃ አገኙ። እንግዳው ይሄዳል፤ መንደሩ የባለቤቶቹ ሆኖ ይቀራል። ሩቅም አንሂድ፤ እኛው ክልል መቄት ውስጥ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተው ነበር። ደባርቅ አጠገብ ያለው ሊማሊሞ ሎጅም ግድግዳው በአካባቢው አፈር የተጠቀጠቀ ነው።

ስለዚህ ውጭ አገርም ሆነ አዲስ አበባ ሆናችሁ የተራራ ቦታ የምትመኙ ሁሉ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ደብተሩ ላይ የማን የማን ፎቶ አለ? ሁለቱም ተስማምተዋል? ውሉን የወረዳው መሬት አስተዳደር ያውቀዋል? ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

ለልጅቱ አልፈርምም አልኳት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላት ተቆጣችና ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ሳምንት ዝም አለች። ባለፈው እሑድ ደወለች፤ ግን ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ አባቷ ሚስት ነው። ያወሩትን የነገረችኝ ራሷ ሚስትየዋ ናት።

«አንዲት ጎጆ፣ ከምንጩ በታች፣ መሬቱ በስማችን እንዳለ ብንሠራ ስንት ይፈጃል አለችኝ። እንግዳ ይምጣ፣ እንጀራውን እኔ እጋግራለሁ፤ ደብተሩ ግን ከሳጥኑ አይወጣም አልኳት።»

ልጅቱ «እሺ፣ አስቤ እደውላለሁ» ብላለች። ጎጆዋ ትሠራ አትሠራ ገና አላወቅንም። ምንጩ ግን እስካሁን ንጹሕ ነው።