“ታማኝ ሠራተኛ” የምንለው ማንን ነው?

“እሱ እኮ አንድ መሥሪያ ቤት አስራ አምስት ዓመት ሠራ!” የሚል ሙገሳ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በየሁለት ዓመቱ ሥራ የምንቀይረው የሶፍትዌር ልጆች ደግሞ “አይረጉም” እንባላለን። ሁለቱም ፍርድ የተቸኮለ ይመስለኛል።

በአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ከ25 እስከ 34 ዓመት ያሉ ሠራተኞች በአንድ ቀጣሪ ዘንድ የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 2.7 ዓመት ነበር፤ ከ55 እስከ 64 ያሉት ደግሞ 9.6 ዓመት። እርግጥ የ26 ዓመት ልጅ አንድ ቦታ አስር ዓመት ሊሠራ አይችልም፤ ቁጥሩ ሁሉንም አይናገርም። መቆየትና መውደድም ለየቅል ናቸው። ኤች ዋን ቢ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ሥራው ቢቋረጥ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ቢበዛ 60 ቀን ነው ያለው። እሱ ቢቆይ ምን ይገርማል?

ዴኒዝ ሩሶ የተባለች ተመራማሪ በ1989 ስለ “ሥነ ልቦናዊ ውል” ጽፋለች። በወረቀት ላይ የለም፤ ግን ሠራተኛው “ቀጣሪዬ ይህን ያደርግልኛል” ብሎ የሚያምነው ነገር ነው። እኔ እንደማየው ዕድሜ ሲጨምር የሚቀየረው ይህ ውል ነው። በሃያዎቹ “አስተምሩኝ፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ” እንላለን። ልጆች ሲመጡ፣ አገር ቤት ያሉት እናት መድኃኒት የሚገዛላቸው ሲያስፈልጋቸው፣ ኢንሹራንሱና የወሩ ደመወዝ አለመቋረጡ ይበልጣል። ክብርም አለ። አስር ዓመት የሠራበትን ሲስተም ትናንት የመጣ አለቃ ሳይጠይቀው ሲያፈርስበት፣ ትልቁ ሰው የሚያመው ከገንዘቡ በላይ ነው።

ቃል ሲታጠፍ ልጁ ሲቪውን አድሶ ይሄዳል። ትልቁ ይቆያል፤ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ማምጣት ግን ያቆማል። አለቆች “ማንም አልለቀቀብንም” ብለው ሲደሰቱ ይህን አያዩትም።

ወገኖቼ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት 40 ዓመት የሞላውን ሰው ሲያሰናብት፣ የስንብት ክፍያ ሰጥቶ “በዕድሜዬ ተበድያለሁ ብዬ አልከስም” የሚል ወረቀት ሊያስፈርመው ይችላል። ሕጉ ታዲያ ለማሰቢያ 21 ቀን ይሰጠዋል። ቅነሳው የጅምላ ከሆነ 45 ቀን ነው፤ የተቀነሱትንና የቀሩትን ሰዎች የሥራ መደብና ዕድሜ የሚያሳይ ዝርዝርም ይሰጠዋል። ከፈረመም በኋላ ሐሳቡን ለመቀየር 7 ቀን አለው። ለጠበቃ ለማሳየት በቂ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ግን በዚያው ቀን ከሰዓት ይፈርማል፤ “ይህን ያህል ዓመት የሠራሁበት ቤት አይጎዳኝም” ብሎ።