በአዋጅ የተሰጠ በመመሪያ አይነጠቅም



በሀገራችን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል ባለበት ይቆም ነበር። ለሕግ ይህን ያህል ክብር ያለው ሕዝብ ዛሬ ሱቁንና ፋብሪካውን ሲከፍት የሚጠይቀው «ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ ሳይሆን «አዲስ መመሪያ ወጣ ወይ?» ብሎ ነው። ከባንክ ተበድሮ ማሽን የተከለና ሠራተኛ የቀጠረ ዜጋ ነገ በምን ሕግ እንደሚሠራ ካላወቀ፣ የሚያድገው ዕዳው እንጂ ሥራው አይደለም።

ይህ የአስተዳደር ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የሥልጣን ጥያቄ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 13 መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ሥልጣን በሰጠው ልክ ነው። ሚኒስቴር ወይም ቦርድ የሚያወጣው መመሪያ ደግሞ ከሁለቱም በታች ነው። መመሪያ አዋጅንና ደንብን ያስፈጽማል እንጂ አያሻሽልም። ከዚያ ያለፈ መመሪያ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ከኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ቀጥሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 474/2012 የጅምላና የችርቻሮ ንግድን፣ አብዛኛውን የአስመጪነት ሥራ፣ እንዲሁም ጥሬ ቡናንና የቅባት እህልን የመሳሰሉ ምርቶችን ወደ ውጭ መላክን በጥቅሉ ለሀገር ውስጥ ባለሀብት ከልሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን የኢንቨስትመንት ቦርድ በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 እነዚህን ዘርፎች በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብት ከፈተ።

መክፈቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የእኛ ጥያቄ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚል ነው። «ቦርዱ ሥልጣኑን ያገኘው ከኢንቨስትመንት ሕጉ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህን ብንቀበል እንኳ ችግሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። ደንብ የዘጋውን ቦርድ በመመሪያ መክፈት ከቻለ፣ ነገ ደንብ የከፈተውን ሌላ ቦርድ ይዘጋዋል። የሕዝብ ተወካዮች በአደባባይ ሊከራከሩበት የሚገባው ጉዳይ በጥቂት ሹማምንት ጠረጴዛ ላይ አለቀ ማለት ነው።

ጥሩ ሕግ የለም አንልም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ረቂቅ መመሪያ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ የጸደቀውም እንዲመዘገብና በይፋ እንዲታተም ያስገድዳል፤ ከሥልጣን በላይ የወጣ መመሪያም በፍርድ ቤት እንዲከለስ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ሕጉ ጥርስ የሚያወጣው ሳይፈራ የሚከስ ዜጋና ሳይፈራ የሚፈርድ ዳኛ ሲኖር ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

1. የኢንዱስትሪና የንግድ ዘርፍ የሚከፈተውም ሆነ የሚዘጋው በአዋጅ ብቻ ይሆናል፤
2. አዋጅ በአዋጅ፣ ደንብ በደንብ ወይም በአዋጅ እንጂ በበታች ሕግ አይሻሻልም፤
3. ነባር ፈቃድን የሚነካ ማሻሻያ በቂ የመሸጋገሪያ ጊዜ ይኖረዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶም አይሠራም፤
4. በመመሪያ መብቱ የተነካ አምራች፣ ነጋዴም ሆነ ሠራተኛ ነፃ ፍርድ ቤት ያገኛል።

መንግሥት የሚከበረው ሕግ በማውጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ባወጣው ሕግ ራሱም በመገዛቱ ነው። ድምፃችሁን ሰጥታችሁን ከዚህ ቃል ብናልፍ፣ እኛንም «በሕግ አምላክ!» በሉን።