ፕላኑ ቢቀየርም ላሞቹ አይባረሩ



የምኖርበት ቀበሌ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የገጠር ቀበሌ ነበር። የከተማው ፕላን ሲሰፋ ወደ ከተማ ተካለለ። አስፋልቱም የቧንቧ ውኃውም ገና አልደረሱንም። ቀድሞ የደረሰን ደብዳቤ ነው፤ ቦታው ለመኖሪያ ስለተመደበ ከብት ያለው ሁሉ እስከ ሰኔ 30 እንዲያስወጣ ያዛል። ይህ ውሳኔ ትክክል አይደለም፤ ሊታረምም ይገባል።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ሁለት ክልስ ላሞች አሏቸው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥተው ያልባሉ፤ ሳይነጋ ወተቱን ለሰብሳቢው ያስረክባሉ። ፉርሽካውና ፋጉሎው በዱቤ ይመጣል፣ ዱቤው በወተቱ ይከፈላል፣ በተረፈው ቤቱ ይተዳደራል። አሁን ቀነ ገደቡን የሰማ ነጋዴ ሁሉ የላሞቹን ዋጋ እየሰበረ ይመጣባቸዋል። ካሳ እንዳይጠይቁ መሬታቸው አልተወሰደም፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚያስከፍለው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ኑሯቸውን ያጣሉ፣ በምትኩ የሚያገኙት ግን የለም።

መንግሥት በኅዳር 2015 የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርን አርባ ምንጭ ላይ ሲያስጀምር ቤተሰብ ሁሉ ወተት፣ እንቁላልና ማር እንዲያመርት ጥሪ አቅርቧል። ጥሪውን ሰምቶ ከብት ያረባን ሰው በረትህን አፍርስ ማለት ምን ይባላል? ብዙው የአዲስ አበባ ወተት ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታና ከቢሾፍቱ ነው የሚመጣው። እነዚህ ሁሉ ራሳቸው እየሰፉ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከተማ በሰፋ ቁጥር ላም ከተባረረ ወተቱ እየራቀ፣ ዋጋው እየናረ ይሄዳል።

የሚያማርሩ ጎረቤቶችን አልወቅስም። አንዲት ክልስ ላም በቀን 20 ኪሎ ያህል እበት ትጥላለች፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከበረት ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ውኃ ጉድጓድ ይዞት ይወርዳል። ሳንባ ነቀርሳም ባልፈላ ወተት ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋል። ይህ እውነት ነው፤ ግን የአያያዝ ጉድለት በመሆኑ ደንብ በማውጣት ሊታረም ይችላል። በረት ከጎረቤት ቤትና ከጉድጓድ ምን ያህል ይራቅ? በስንት ካሬ ሜትር ስንት ከብት ይያዝ? እበቱ የት ይጠራቀም? ከብቶቹ በየስንት ጊዜው ይመርመሩ? ይህ በግልጽ ይጻፍ፤ ያላሟላ ይቀጣ፤ ጥቂት ከብት ያለው ደግሞ እበቱን ለባዮጋዝ እንዲያውል ይታገዝ። ንጹሕ በረት ያላትን እናትና ፍሳሹን መንገድ ላይ የሚለቅን ሰው እኩል ማስወጣት ፍትሕ አይደለም።

የከተማው ምክር ቤት ትእዛዙን ያቁምልን፤ ከሰኔ 30 በፊትም ከብት አርቢዎቹንና ቅሬታ ያላቸውን ነዋሪዎች፣ ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር፣ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ያነጋግር።

የቀበሌው ነዋሪ