ፈቃድ ብቻውን ዜማ አይቀርጽም

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስቀረጽንና ከውጭ የማስመጣትን መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ማኅበሩ ሸክላ ማውጣቱን ከተወ በኋላም ክልከላው እንደ ጸና ቀረ። ራሱ የማይሠራ፣ ሌላውንም የማያሠራ ባለመብት የኪነት ፀር እንጂ ጠባቂ ሊባል አይገባውም!

በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ክልከላውን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀረጸ፤ በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረም ሸክላውን ሕንድ ድረስ ልኮ አሳተመ። በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አወጣ፤ ከእነዚህም መካከል የማሕሙድ አሕመድና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ይገኛሉ። ለትርፍ ነው የሠራው የሚሉ አሉ። ይሁን፣ ነጋዴ ነበር፤ ግን ባለመብቱ ዝም ባለበት ዘመን ድምፁን ያቆየልን ማን ነው?

ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ትክል ድንጋዩ ቆሞ ይጠብቀናል፤ የአረጋውያኑ ዜማ ግን አይጠብቅም። እንግዲህ በዲላ የግል መቅረጫ ክፍል ልክፈት የሚል ሰው ሲመጣ፣ የባህል ሹሞቻችን በደብዳቤ አያመላልሱት፤ ከእያንዳንዱ ቅጂ አንዱን ለዲላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስረክብ ብቻ ያስፈርሙት።